የጉበት ቀለም ምርመራ፦ አይሲጂን ከቫያል እስከ ቁጥር ሳያበላሹ መሥራት

34 በመቶ። የአንድ አባት ውጤት ነበር። አልትራሳውንዱ ደህና፣ አልቡሚኑ ደህና፣ ቢሊሩቢኑ ደህና። ቁጥሩ ግን በሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ሲደነድን) የተጎዳ ሰው ቁጥር ነው። ቀዶ ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ቀጠሮውን ሊሰርዝ ነበር። ጥፋቱ የጉበታቸው አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ምን እንዳደረግኩ ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።

ምርመራው ሲያዩት ቀላል ነው። አረንጓዴ ቀለም በደም ሥር ትሰጣላችሁ፣ 15 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፣ ደም ቀድታችሁ ምን ያህል ቀለም እንደቀረ ትለካላችሁ። የሚያሳስተውም ይሄ ቅለቱ ነው። እስካሁን ያየኋቸው የተበላሹ ውጤቶች አብዛኞቹ ከሦስት ነገር የመጡ ናቸው፦ ከሰዓቱ፣ ከውሃው ወይም ከክንዱ።

መመሪያው በሐኪም ትእዛዝ ለሚሠሩ የላብራቶሪና የነርስ ባለሙያዎች ነው። ሐኪም በአጠገብ በሌለበት አትሞክሩት።

## መጀመሪያ፦ ቀለሙ ጉበት ዘንድ ምን ይገጥመዋል

አንድ የቃል ጉዳይ እናጥራ። በእኛ ቋንቋ ጉበትም ቀለሙን «ይመጥጣል»፣ ቀለሙም ብርሃንን «ይመጥጣል» እንላለን። ተማሪዎች እዚህ ላይ ይደናገራሉ። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ጉበት ቀለም «ይወስዳል»፣ ቀለም ብርሃን «ይመጥጣል»።

የቀለሙ ሙሉ ስም ኢንዶሳያኒን ግሪን ነው፤ በአጭሩ አይሲጂ። ደም ውስጥ እንደገባ ወዲያው አልቡሚንና ሌሎች ፕሮቲኖች ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ከደም ሥር አይወጣም፣ ኩላሊትም አያስወግደውም። የሚወስደው ጉበት ብቻ ነው። የጉበት ሴሎች ኦኤቲፒ 1ቢ3 በሚባለው በርና በመሰሎቹ ያስገቡታል፣ ሳይለውጡ ወደ ሐሞት ይለቁታል። ከአንጀት ተመልሶ ወደ ደም አይገባም። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ ስህተት የምንይዝባት እሷ ናት።

ጤነኛ ጉበት ግማሹን ቀለም በ3 ደቂቃ ገደማ ያነሳል። 15 ደቂቃ ላይ ደም ውስጥ የሚቀረው ከ10 በመቶ በታች ነው።

ጉበት ሲጎዳ ይህ ሥራ በብዙ መንገድ ይሰናከላል። በጤናው ጊዜ የጉበት ጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ እንደ ወንፊት ቀዳዳ አለው፤ ቀለም የተሸከመው ፕሮቲን በዚያ አልፎ ሴሉን ይነካል። ጠባሳ ሲበዛ ወንፊቱ ይደፈናል። ሴሉ በሕይወት አለ፣ ቀለሙ ግን አይደርሰውም። ሴሎቹም በቁጥር ያንሳሉ። ደሙ ደግሞ በጠነከረ ጉበት ማለፍ ሲያቅተው ማቋረጫ ይፈልጋል፦ በጉሮሮ ቧንቧና በሆድ ዕቃ ደም ሥሮች ዞሮ ጉበትን ሳይነካ ወደ ልብ ይመለሳል። ቀለሙም አብሮት ይዞራል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ቢልሃርዚያ ነው። ከአንጀት ወደ ጉበት ደም በሚያመጡት (ፖርታል) ደም ሥሮች ዙሪያ ጠባሳ ይሠራል፣ ማቋረጥ ይፈጠራል፣ የጉበት ሴሎቹ ግን ብዙ ጊዜ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሲሮሲስ ውስጥ ሁለቱም ይጎዳሉ። የቀለሙ ቁጥር ይህን ከዚያ አይለይላችሁም። የሚነግራችሁ የደም ፍሰቱንና የሴሉን አቅም ደባልቆ ነው።

## ደረጃ 1፦ ለማን አይሰጥም?

ካርዱን አንብቡ፣ ከዚያ ራሳችሁ ጠይቁ። ካርድ ላይ ያልተጻፈ አለርጂ ብዙ ነው።

1. ለአይሲጂ ወይም ለአዮዳይድ አለርጂ አለ? በውስጡ ሶዲየም አዮዳይድ ስላለ አትስጡ። ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም፣ ሰው የሞተበት አናፊላክሲስ (ከባድ የአለርጂ ምላሽ) ተመዝግቧል።
2. ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል? ቢሊሩቢን መጀመሪያ ይለካ። ቢሊሩቢን በዚያው በር ስለሚሻማ ቀለሙ ተራ ይጠብቃል። የሐሞት ቱቦ ተዘግቶ ቢጫ ለሆነ ሰው ይህን ምርመራ መሥራት ቀለም ማባከን ነው። ቱቦው ተከፍቶ ቢሊሩቢኑ እስኪወርድ ይጠበቅ።
3. በቅርቡ የታይሮይድ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ምርመራ ቀጠሮ አለ? ከአይሲጂ በኋላ ቢያንስ 1 ሳምንት መቆየት አለበት።
4. ምን መድኃኒት እየወሰዱ ነው? እኛ አገር መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሪፋምፒሲን ነው። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጉበቱ ደህና ሆኖ ሳለ በሩ በመድኃኒቱ ሊታገድ ይችላል። ፕሮቤኔሲድም ያውካል። መድኃኒት በራሳችሁ አታስቁሙ፤ ለሐኪሙ ንገሩና ወረቀቱ ላይ ጻፉት።
5. እርግዝና ካለ ውሳኔው የሐኪሙ ነው።

አድሬናሊን፣ ኦክስጅንና የሰለጠነ ሰው ክፍሉ ውስጥ ከሌሉ አትጀምሩ።

## ደረጃ 2፦ ከማታ እስከ ጠዋት

ከማታ ጀምሮ ምግብ አይበላም። ምግብ ወደ ጉበት የሚሄደውን ደም ይለውጣል፣ ቁጥሩም አብሮ ይለወጣል። «ቁርስ አልበላሁም፣ ቡና ብቻ ነው የጠጣሁት» የሚል መልስ ስትሰሙ በወተት ነው ወይስ በዳቦ ብላችሁ ቀጥሉ።

ጠዋት ሚዛን ላይ አቁሟቸው። የባለፈውን ወር ኪሎ ከካርድ አትገልብጡ፤ መጠኑ የሚሰላው በኪሎ ነው። ከዚያ በጀርባቸው ይተኙ፣ 30 ደቂቃ ይረፉ። ደረጃ ወጥቶ የመጣ ሰው ወዲያው አይወጋም።

ሆዳቸው ውሃ የቋጠረ ወይም እግራቸው ያበጠ ከሆነ ሚዛኑ ይዋሻል። በጣም ወፍራም ሰው ላይም እንደዚሁ፤ ስብ ሲጨምር ደም በዚያው ልክ አይጨምርምና ኪሎውን ተከትሎ የተሰጠ ቀለም ይበዛል። ይህን መዝግቡ። ደረጃ 6 ላይ ማምለጫ አለው።

## ደረጃ 3፦ ቀለሙን መበጥበጥ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

1. 25 ሚሊግራም ያለበትን ቫያል በ5 ሚሊ ሊትር ለመርፌ በተዘጋጀ ንጹሕ ውሃ ብቻ በጥብጡ። አሁን 1 ሚሊው 5 ሚሊግራም ይዟል።
2. በኖርማል ሴላይን አትበጥብጡ። ጨው ቀለሙን ያቋጥረዋል፣ ብርሃን የሚመጥጥበት መንገድም ይለወጣል። እጃችሁ በልማድ ወደ ሴላይኑ ይሄዳል፣ ስለዚህ ስትዘጋጁ ሴላይኑን ከትሪው ላይ አንሱት። ሲመልሱት ለማጠቢያ ብቻ ይሆናል።
3. ቀስ ብላችሁ ነቅንቁ። ብርሃን ላይ አንሥታችሁ እዩ፤ ቅንጣት ከታየ ጣሉት። ወንፊት አድርጋችሁ ለማዳን አትሞክሩ።
4. መጠኑ ለአንድ ኪሎ 0.5 ሚሊግራም ነው። በዚህ ብጥብጥ ለአንድ ኪሎ 0.1 ሚሊ ማለት ነው። 60 ኪሎ ሰው 6 ሚሊ ይወስዳል።

ሒሳቡን ልብ በሉ። አንድ ቫያል 5 ሚሊ ብቻ ይሰጣል። ከ50 ኪሎ በላይ ለሆነ ሰው ሁለተኛ ቫያል ያስፈልጋል። ይህን ሳያስቡ «ያለውን ሰጠነው» ያሉ አሉ፤ ከዚያ ስሌቱን እንደ ሙሉ መጠን ይሠሩታል። የተሰጠው መጠን ካነሰ የቀረው ቀለም ያንሳል፣ የታመመ ጉበትም ጤነኛ መስሎ ይወጣል። ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው፤ ማንንም አያስደነግጥም።

ሲሪንጁን በፎይል ጠቅልሉ። የተበጠበጠውን በ6 ሰዓት ውስጥ ተጠቀሙበት፣ የተረፈውን ለነገ አታስቀምጡ።

## ደረጃ 4፦ ሁለት ክንድ፣ አንድ ሰዓት

1. በአንዱ ክንድ ለቀለሙ፣ በሌላው ክንድ ለደም ካኑላ አስገቡ። የደሙ ካኑላ በደንብ መመለሱን ቀለም ከመስጠታችሁ በፊት አረጋግጡ።
2. ቀለም ሳይገባ 10 ሚሊ ደም ቅዱ። ይህ ባዶው ናሙና ነው፤ ከረሳችሁት ዛሬ ምርመራ የለም።
3. ናሙናው ምንም ያልተጨመረበት ደረቅ ቲዩብ ውስጥ ይግባ። ሶዲየም ባይሰልፋይት ያለበትን ሄፓሪን አትጠቀሙ፤ ቀለሙ ብርሃን የሚመጥጥበትን አቅም ይቀንሰዋል።
4. ቀለሙን በ30 ሰከንድ ውስጥ አስገቡ። መግባት ሲጀምር ሰዓቱን አስነሱ። ወዲያው በ10 ሚሊ ሴላይን አጥቡ። ሴላይን የተከለከለው ለመበጥበጥ ነው፤ ደም ሥር ውስጥ ላለ ካኑላ ችግር የለውም።
5. ከሌላው ክንድ በ5፣ በ10 እና በ15 ደቂቃ ቅዱ። በየጊዜው የመጀመሪያውን 2 ሚሊ ጣሉ። ማሰሪያውን አስራችሁ አትቆዩ።

በ5 ደቂቃው ናሙና ልዩነቱ በዓይን ሊታይ ይችላል፤ ሴረሙ (ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ሲለይ ከባዶው አጠገብ ብታስቀምጡት አረንጓዴ ያደላል።

አሁን ወደ እኒያ አባት። «አባባ፣ ክንድዎን ቀጥ አድርገው ይያዙልኝ» ብዬ የ5 እና የ10 ደቂቃውን ያለ ችግር ቀዳሁ። 14ኛው ደቂቃ ላይ የደሙ ካኑላ ተዘጋ። ሰዓቱ ይሮጣል። ቀለሙን የሰጠሁበት ካኑላ ግን ክፍት ነው፣ ታጥቧል፣ ምን ይሆናል ብዬ የ15ቱን ከዚያ ቀዳሁት። ካኑላው ውስጥ የቀረችው የቀለም ጠብታ በቂ ነበረች። ውጤቱ፦ በ5 ደቂቃ 0.42፣ በ10 ደቂቃ 0.17፣ በ15 ደቂቃ 0.34 ሚሊግራም በዴሲሊትር። 15ቱ ከ10ሩ በለጠ። ቀለሙ ከአንጀት እንደማይመለስ ከላይ ብለናል፤ ስለዚህ ይህ በሰው አካል ውስጥ ሊሆን አይችልም። እኔ ግን የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አንሥቼ 34 በመቶ ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ስንደግመው 7 በመቶ ሆነ።

ነገሩ ሲበላሽ፦

ካኑላው ቢዘጋ በዚያው ክንድ ላይ አዲስ ደም ሥር ውጉ። 16 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ላይ ብትቀዱም ችግር የለም፣ እውነተኛውን ሰዓት ጻፉ። «15» ብላችሁ አትሸፋፍኑ። ጤነኛ ጉበት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከቀረው ቀለም 18 በመቶ ገደማውን ያነሳልና የዘገየች ደቂቃ ውጤቱን ታሳምራለች።

ቀለሙ ከደም ሥር ወጥቶ ክንዱ ላይ አረንጓዴ ቢያብጥ አቁሙ። የዛሬው አልቋል። ምን ያህል እንደገባ አታውቁም፣ በግምት አይሰላም።

ማሳከክ፣ ሽፍታ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደም ግፊት መውረድ ከታየ ምርመራውን እርሱት፣ እርዳታ ጥሩ። አናፊላክሲስ ከሆነ ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም አድሬናሊን ጭን ጡንቻ ላይ ይሰጣል።

ጣት ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ ቀለሙ እንደገባ ለአፍታ ሊወርድ ይችላል። መለኪያው ቀለሙን አይቶ ነው። ቢሆንም ፊታቸውንና ትንፋሻቸውን ሳታዩ «ቀለሙ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

## ደረጃ 5፦ ማሽኑ ላይ

ደሙ እስኪረጋ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ፣ ከዚያ በሴንትሪፊዩጅ ለዩት። ስፔክትሮፎቶሜትሩን (የተመጠጠውን ብርሃን የሚለካውን ማሽን) 805 ናኖሜትር ላይ አድርጉ።

ስታንዳርዱን (መጠኑ የታወቀውን ማነጻጸሪያ) በውሃ አትሥሩ። ቀለሙ ውሃ ውስጥ ብርሃንን በብዛት የሚመጥጠው ወደ 780 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ከፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ወደ 805 ይሻገራል። በባዶው ሴረም ሥሩት፦

- ከብጥብጡ 0.1 ሚሊ ወስዳችሁ 9.9 ሚሊ ውሃ ላይ ጨምሩ። ይህ በዴሲሊትር 5 ሚሊግራም ነው።
- ከዚህ 0.2 ሚሊ ከ0.8 ሚሊ ባዶ ሴረም ጋር፦ 1.0 ሚሊግራም በዴሲሊትር።
- 0.1 ከ0.9 ጋር፦ 0.5።
- 0.05 ከ0.95 ጋር፦ 0.25።

ዜሮውን በባዶው ሴረም አስተካክሉ። ሦስቱ ነጥቦች በቀጥታ መስመር ካልተሰለፉ ችግሩ ፒፔታችሁ ነው፤ የሕመምተኛውን ናሙና ገና አትንኩ። ሴረሙ በስብ ከደፈረሰ ደግሞ ድፍርሱ ራሱ እንደ ቀለም ይቆጠራል። በጾም መምጣታቸውን እንደገና ጠይቁ።

## ደረጃ 6፦ ስሌቱ

አቋራጩ ይህ ነው። ለአንድ ኪሎ 0.5 ሚሊግራም ሲሰጥ፣ ለአንድ ኪሎ 50 ሚሊ ፕላዝማ አለ ብለን እንገምታለን። ስለዚህ በዜሮ ደቂቃ ያለው መጠን 1.0 ሚሊግራም በዴሲሊትር ይሆናል። የ15ቱን ቁጥር በ100 ማባዛት ብቻ ነው፤ 0.22 ከሆነ 22 በመቶ። ይህ አር 15 ይባላል።

አቋራጩን ብቻ አትመኑ። ሦስቱንም ቁጥሮች ወደ ናቹራል ሎግ ቀይሩና በሰዓት ላይ አስቀምጡ። ቀጥ ያለ መስመር መውጣት አለበት። ቁልቁለቱ ኬ ነው።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። በ5 ደቂቃ 0.60፣ በ10 ደቂቃ 0.36፣ በ15 ደቂቃ 0.22። 0.60ን ለ0.22 ስናካፍል 2.73፤ ሎጉ 1.0፤ በ10 ደቂቃ ሲካፈል ኬ 0.10 ሆነ። ግማሹ የሚወገድበት ጊዜ 0.693 ለ0.10፣ ወደ 7 ደቂቃ። መስመሩን ወደ ዜሮ ደቂቃ ብትመልሱት 0.99 ላይ ይወድቃል። 1.0 መሆን ነበረበት፤ ሆነ። ይህን ውጤት ፈርሙበት።

ዜሮው ላይ 0.6 ቢወጣ ቀለም ጎድሏል፦ ፈስሷል፣ አልሟሟም፣ ወይም ሁለተኛው ቫያል ተረስቷል። ውሃ በቋጠረ ሰውም ግምቱ ሊዛባ ይችላል። 1.5 ቢወጣ ሚዛኑን ጠርጥሩ። ማምለጫው እዚህ ነው፦ ኬ የሚለካው ቀለሙ የሚወርድበትን ፍጥነት ስለሆነ በተሰጠው መጠን ላይ አይንጠለጠልም። አቋራጩና ኬ ሲጣሉ ኬን እመኑ፤ አር 15ንም ከኬ አስሉት። ሦስቱ ነጥቦች ራሳቸው መስመር ካልሠሩ ግን ማንንም አትመኑ፣ በማግስቱ ድገሙ። በእኒያ አባት ናሙና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነጥቦች ብቻ ብወስድ ኬ 0.18፣ አር 15 ደግሞ 7 በመቶ ይሆን ነበር። መልሱ እጄ ላይ ነበረ።

## ደረጃ 7፦ ቁጥሩን ማንበብ

የጃፓኑ ቀዶ ሐኪም ማኩቺ ያወጡት መስፈርት በብዙ ቦታ ይሠራበታል። ሆድ ውስጥ ውሃ ለሌለውና ቢሊሩቢኑ ደህና ለሆነ ሰው አር 15 ከ10 በመቶ በታች ሲሆን የቀኝ ጉበት እስከማንሣት ይታሰባል። ከ10 እስከ 19 ከሆነ የግራው ወይም አንድ ክፍል፣ ከ20 እስከ 29 አንድ ሴግመንት (ከክፍሉ ያነሰ)፣ ከ30 እስከ 39 ትንሽ ቁራጭ። 40 እና በላይ ዕጢውን ብቻ ፈልፍሎ ማውጣት። ውሳኔው የቀዶ ሐኪሙ ነው፤ ሲቲ ስካንና ሌላም ያያል። የእናንተ ድርሻ ግን 19ን 21 አለማድረግ ነው።

ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ፣ ሥራችሁም ንጹሕ ከሆነ፣ ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛው ጉበትን የሚያቋርጥ ትልቅ ደም ሥር ነው፤ ዶፕለር (የደም ፍሰት የሚያሳይ አልትራሳውንድ) ወይም ሲቲ ያሳየዋል። ሁለተኛው በተፈጥሮ የኦኤቲፒ 1ቢ3 በር የሌለው ሰው ነው። ጉበቱ ጤነኛ ነው፣ ይህን ቀለም ብቻ አይወስድም። ልቡ የደከመ ሰውም ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ስለሚያንስ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

## በጣት መለኪያ የምትሠሩ ከሆነ

ደም ሳይቀዳ በጣት ላይ ክሊፕ የሚለካ ማሽን አለ። በደቂቃ ስንት በመቶ እንደሚወገድ ይነግራችኋል፤ ከ18 በላይ ደህና ነው። የጥፍር ቀለም አስለቅቁ፣ የቀዘቀዘ እጅ አሙቁ፣ ክሊፑ ያለበት እጅ አይንቀሳቀስ። ማሽኑ ቁጥር ስላወጣ ብቻ አትቀበሉት፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን መስመር እዩ፣ ከተንቀጠቀጠ ድገሙት።

## ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው

አር 15 ብቻውን አይላክ። ኬ፣ የዜሮ ደቂቃው ግምት፣ ሦስቱ መጠኖች ከእውነተኛ ሰዓታቸው ጋር፣ ኪሎ፣ የተሰጠው ሚሊግራም፣ የዕለቱ ቢሊሩቢን፣ መድኃኒቶች፣ እና ደሙ ከየትኛው ክንድ እንደተቀዳ ይጻፍ። እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ «ቀለም፦ ቀኝ፤ ደም፦ ግራ» ብዬ በፕላስተር ላይ ጽፌ ሁለቱም ክንድ ላይ እለጥፋለሁ።